ወፍጮው እስኪቆም

ካርቡራቶር የሚባለውን ነገር የፈለሰፈው ሰውዬ በሕይወት ካለ አንድ ቀን ፊት ለፊት ባገኘው ደስ ይለኛል። ሌላ አልጠይቀውም። ሩብ ዙር ስትጠብቅ መኪናውን የምታንቅ፣ ሩብ ዙር ስትላላ መኪናውን የምታሰክር ብሎን ሠርተህ ስታበቃ፣ ምን በድዬህ ነው እጅ በማይገባበት ጥግ ወስደህ የቀበርካት እለዋለሁ። የእጄ ጀርባ ላይ ያለውን ጠባሳም አሳየዋለሁ።

ሞተር ማስተካከል የጀመርኩት አሥረኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤቴ ወደ መሰናዶ አላስገባ ብሎኝ ቡሬ ቤታችን በተቀመጥኩበት ዓመት ነው። ጀመርኩ ስል ፈልጌ እንዳይመስላችሁ። ከወንድሞቼ አንደኛው ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ እንደሄደ በዚያው ቀርቷል፤ ሁለተኛው ወታደር ነው። ቤት ውስጥ የቀረነው አባቴ፣ እናቴ፣ እኔና ላንድሮቨሩ ነን። ከአራታችን ደግሞ ምቾት ያለው ላንድሮቨሩ ነበር። ሲያድር የሚለብሰው ሸራ ከእኔ ብርድ ልብስ ይወፍራል።

ላንድሮቨሩ የንጉሡ ዘመን ነው፣ በቤንዚን የሚሄድ። አባቴ በገበያ ቀን ከቡሬ ሽንዲ ሰው ያመላልሱበታል። በበርበሬ ወቅት ከኋላ ጆንያው ተቆልሎ፣ ሰዉ ጆንያው ላይ ተቆልሎ፣ ሁሉም እያስነጠሰ ይመጣል። ልጅ ሆኜ መኪናው ገና ከመታጠፊያው ማዶ ሳለ ድምፁን እለየው ነበር። ወፍራም፣ ረጋ ያለ፣ የማይቸኩል ድምፅ። «አባዬ መጡ!» ብዬ እጮኻለሁ፤ እናቴ ያኔ ወጡን ታሞቃለች። ከቤታችን ሰዓት ይልቅ ያ ድምፅ ይታመናል።

በዚያ ዓመት ግን ድምፁ ጠፋ። መኪናው ተበላሸ ለማለት እንኳ አይመችም፤ ጠባዩ ነው የተበላሸው። ጠዋት አልነሳም ብሎ ግግም ይላል፣ ከተነሳ በኋላ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ አቀበት ላይ ደግሞ ጠጠር እንደያዘ ጣሳ ይንቋቋል። አባቴ ቤንዚኑን ከሰሱ። ነጋዴው ላምባ ቀላቅሎበታል አሉ። ቀጥሎ እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ከሰሱ፣ ቀጥሎ መንገዱን፣ ቀጥሎ ተሳፋሪው ከበደ አሉ። ተሳፋሪው ግን የሚከብድበት ጊዜ አልፎ ነበር። አንድ ሁለቴ መንገድ ላይ ወርዶ ከገፋ በኋላ በዚያው መንገድ ወደሚሠራው አይሱዙ እየሄደ ይሳፈር ጀመር።

ይህን ያየ አንድ ጋሪ ሠሪ ከፍኖተ ሰላም ይመላለስብን ያዘ። ጋሪ ከአሮጌ መኪና አክስል ነው የሚሠራው፤ የላንድሮቨር አክስል ደግሞ ለእሱ ሥጋ ነው። ግቢ ገብቶ «ጤና ይስጥልኝ» ካለ በኋላ ወዲያው ቁጢጥ ብሎ ከመኪናው ሥር ያያል። በሽተኛ ልጠይቅ ብሎ መጥቶ የሬሳ ሣጥኑን ቁመት እንደሚለካ ሰው። «ዘንድሮ ምርመራውን ካላለፈ እኔ አለሁ» ይላል እየሳቀ። ምርመራው በየዓመቱ ፍኖተ ሰላም የሚደረገው ነው። ያላለፈ መኪና ሰው አይጭንም። ሰው ካልጫነ ደግሞ እኛ ሌላ ኑሮ የለንም።

«ላንድሮቨሬ ጋሪ ከሚሆን እኔ ፈረስ ልሁን!» አሉ አባቴ፣ ሰውዬው ከወጣ በኋላ።

በማግሥቱ ጠሩኝ። «ነይ አንች! ከዛሬ ጀምሮ ሞተር ትማሪያለሽ።» ለምን እኔ ስላቸው፣ «እጅሽ ቀጭን ነው» አሉኝ። በቃ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው። እኔም የዋህ ነኝና አመንኩ።

አባቴ ሲያስተምሩ አይናገሩም፣ ይጮኻሉ። ካንዴላ ፍቺ! ጥርጊ! እንደሱ አይደለም! ፑንቲ የሚባል ነገር አለ፤ እሳቱን የሚያቋርጥና የሚቀጥል ሁለት ትንንሽ ጥርስ። ጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ልክ የክብሪት ቀፎ ካርቶን ውፍረት ይሁን ይላሉ። አባቴ ከቀፎ የቆረጧትን አንዲት ካርቶን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከጸሎት መጽሐፋቸው ጋር ነው የሚይዟት። ከዚያ እሳቱ የሚወጣበትን ሰዓት ማስተካከል አለ፤ እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያድለውን ማከፋፈያ ጥቂት ወደፊት ሲያዞሩት ሞተሩ ያለቅሳል፣ ጥቂት ወደ ኋላ ሲመልሱት ያንቀላፋል። በመጨረሻ ቤንዚኑን የምትመጥነው ያቺ የተረገመች የካርቡራቶር ብሎን። ሁሉም በጆሮ ነው። «ስሚው! ምን ይላል?» ይሉኛል። እኔ የምሰማው ደግሞ ወፍጮ ብቻ ነው።

አዎ፣ ወፍጮ። የግቢያችን አጥር የወፍጮ ቤቱ አጥር ነው። በናፍጣ የሚሠራው ወፍጮ ከንጋት እስከ ምሽት ዱብ ዱብ ዱብ ሲል የእኛ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው መስተዋት ሳይቀር ያጨበጭባል። በዚህ ድምፅ መካከል ሞተሩ ያለቅስ፣ ያንቀላፋ፣ ይዝፈን፣ በምን ላውቅ? «አባዬ፣ ከከተማ ወጣ ብለን ጸጥ ያለ ቦታ እናስተካክለው» አልኳቸው። «የራሱን መኪና ተደብቆ የሚያስተካክል ሌባ ነው!» አሉኝ። ወፍጮው ሲመሽ ይቆማል፤ ሲመሽ ደግሞ በጨለማ ሞተር አይነካም።

በበዓል ቀን ወፍጮው ዝም ይላል። ማርያም፣ ሚካኤል፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔዓለም፣ ቅዳሜና እሑድ ሳይቀር፣ በእኛ አገር በዓል አይጎድልም። ያን ቀን የዝንብ ድምፅ ይሰማል። እሰይ ብዬ ካቻቢቴ ሳነሳ አባቴ ከየት መጡ ሳልላቸው ይደርሳሉ። «አስቀምጪ! በማርያም ቀን ብረት ትነኪያለሽ?» ሞተሩን ማስነሳት ግን ይፈቀዳል፤ አሮጊቶችን በነፃ ቤተ ክርስቲያን ያደርሱበታል። መንዳት በረከት ነው፣ ብሎን ማዞር ኃጢአት ነው። እንግዲህ ፍረዱኝ! መስማት በምችልበት ቀን መንካት አልችልም፣ መንካት በምችልበት ቀን መስማት አልችልም። ቆሽቴ አርሮ ነበር።

አንድ የሥራ ቀን ጠዋት ነው ነገሩ የገባኝ። አባቴ ሞተሩን አስነስተው፣ የአረቄ መለኪያ ውኃ ሞልተው ሞተሩ ላይ አስቀምጠዋል። ውኃው መንቀጥቀጡን ሲያቆም ሞተሩ ልክ መጥቷል ማለት ነው የሚሉት ዘዴ ነው፤ ሰሞኑን ያመጡት። ካቻቢቴውን ይዘው ብሎኗን ያዞራሉ፣ ውኃውን ያያሉ፣ ያዞራሉ፣ ያያሉ። ሞተሩ ሳል ሳል አለውና ቀጥ አለ። ጠፋ። የፊቱ ማራገቢያ ቆሞ በዓይኔ አየሁት።

አባቴ ማዞራቸውን አላቆሙም።

«አሁን እየመጣ ነው» አሉ። መለኪያው ውስጥ ውኃው በወፍጮው ዱብ ዱብ እየተንቀጠቀጠ ነው። «ትንሽ ቀረው! ትንሽ! ሰማሽው? ልክ እንደ ቅዳሴ!»

አፌን ከፈትኩ። ጠፍቷል እኮ ልል ነበር። ግን ፊታቸው ላይ ያለው ደስታ እውነተኛ ነበር፤ የሞተ ሞተር ላይ ተደፍተው ደስ ብሏቸዋል። ቀስ ብዬ ገብቼ ቁልፉን አዞርኩት። ሞተሩ ሲዘል መለኪያው ተገለበጠ፣ አባቴም ደንግጠው ጭንቅላታቸውን ከኮፈኑ ጋር አጋጩ።

«ማን አጥፊ አለሽ? ልክ ሲመጣልኝ ታጠፊብኛለሽ? አይ ልጅት!» ብለው ወረዱብኝ። አበስኩ ገበርኩ! የገደሉትን እኔ አስነሳሁ፣ የተሰደብኩም እኔው።

ወደ እናቴ ሄድኩ። ደጃፍ ላይ ሰፌድ ይዛ በርበሬ ትለቅማለች።

«እማዬ፣ አባዬ አይሰሙም» አልኳት።

ቀና እንኳ አላለችም። «ዛሬ ነው ያወቅሽ?»

«ታውቂ ነበር?»

«እና እኔ ይህን ያህል ጊዜ የምጮኸው ጠባዬ ከፍቶ መሰለሽ?»

እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ሰው ሁሉ ዕድሜው ሲገፋ የሚጮህ ይመስለኝ ነበር። ያን ሰሞን ቡሬ ሞባይል ገብቶ አባቴም አንድ ገዝተው ነበር። ኪሳቸው ውስጥ እየጮኸ ዝም ሲሉት፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ያሉት ጫነን እያሉ የሚደውሉ ሰዎች ስላስቸገሯቸው ነው ብዬ ነበር።

«ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ» አለችኝ እናቴ። «ሹፌሩ አይሰማም ከተባለ ማን ይሳፈራል? እሳቸውም ቢሆኑ ውስጣቸው ያውቀዋል። ግን ማንም አልነገራቸውም። እኔም አልነግራቸውም፣ አንችም አትነግሪያቸውም።»

እጅሽ ቀጭን ነው ያሉኝ ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ጣቴን አልነበረም የፈለጉት።

ታዲያ ነገሩ ከገባኝ ወዲህ ይብስ ቅጥል አልኩ። አለመስማታቸው አይደለም ያናደደኝ፤ እንደሚሰሙ ሆነው ማዘዛቸው ነው። ጥቂት አስተካክዬ ስመለስ እሳቸው ሄደው መልሰው ያዞሩታል። «አንች የተውሽው ያነክስ ነበር፣ አቃናሁት» ይላሉ። ያቃኑት ጭሱን ነው፤ በቀጥታ እናቴ ያሰጣችው በርበሬ ላይ እንዲወጣ። አንድ ቀን ማከፋፈያውን ከልክ በላይ አዙረውት እኔ ሳስነሳው ሞተሩ «ጧ!» ብሎ ሲተኩስ፣ ወፍጮ ቤት የተሰለፉት አህዮች ጭነታቸውን እየጣሉ በየአቅጣጫው ተፈተለኩ። ሴቶቹ የፈሰሰውን ጤፍ ከአቧራ እየለቀሙ የተራገሙት ማንን ይመስላችኋል? እኔን! «ሴት ልጅ ከሞተር ምን አላት? ምነው ቁጭ ብላ ብትፈትል!» አሉ። አባቴ ደግሞ አጥሩ ላይ ተደግፈው፣ «ልጅ ናት፣ እየተማረች ነው፣ ይቅር በሏት» ይሉላቸዋል። እርም ብዬ ካቻቢቴውን ወርውሬ ገባሁ። በማግሥቱ ተመልሼ ወጣሁ። ምን ላድርግ? ጋሪ ሠሪው መጥቶ ነበር።

ምርመራው በማርያም ማግሥት ዋለ። በማርያም ዕለት አሮጊቶቹን ይዘን ስንሄድ ከአባቴ አጠገብ ተቀምጬ ጆሮዬን ሰጠሁት። ዝም ባለ ከተማ ውስጥ ሞተሩ ጥፋቱን አንድ በአንድ ተናዘዘልኝ። እሳቱ ቀድሟል፤ አቀበቷ ላይ የሚንቋቋው ለዚያ ነው። ቤንዚኑም በዝቷል፤ የሚያስለው ለዚያ ነው። ማከፋፈያው ጥቂት ወደ ኋላ፣ ብሎኗ ጥቂት ጠበቅ። ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም! ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን አሁን ልንካው ብዬ ለመንኳቸው። በማርያም ቀን ብረት ንክች አታደርጊም አሉኝ። ነገ በጠዋት አሉኝ።

ነገ በጠዋት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ከበዓል በኋላ ያለ ጠዋት ነው። ትናንት ያልተፈጨ እህል በሙሉ ዛሬ ይመጣል። ገና ጎህ ሳይቀድ የአህያው ሰልፍ ከወፍጮ ቤት እስከ እኛ በር ደርሶ ነበር። ወፍጮውም ዱብ ዱብ ዱብ።

ጀመርኩ። ማከፋፈያውን ፈታ አድርጌ ወደ ኋላ ገፋሁት። ስንት? አልሰማም። ወደፊት መለስኩት። አልሰማም። እጄን ሞተሩ ላይ ጫንኩ፣ የሚንቀጠቀጠው ሞተሩ ይሁን መሬቱ አልለይ አለኝ። አባቴ የአረቄ መለኪያዋን በውኃ ሞልተው መጥተው አስቀመጡልኝ። «ውኃውን እይ» ይላሉ። «ወደ ግራ! ኧረ ወደ ግራ!» ፀሐይ ወጣች። መንገድ መጀመር አለብን፤ አርፍደን ብንሄድ ቀናችን ያልፋል። ብሎኗን ስፈልግ የጋለው ብረት እጄን ላጠኝ። ካቻቢቴው ወደቀ፣ ከመኪናው ሥር ገብቼ አወጣሁት፣ ደግሞ ወደቀ። ያኔ በቃኝ።

«አልሰማም!» ብዬ ጮኽኩ። «አባዬ፣ አልሰማም! ምንም አልሰማም! በዚህ ወፍጮ መሐል መልአክም አይሰማም!»

እንባዬ መጣ። የንዴት እንባ ነው፣ ሌላ እንዳይመስላችሁ። አባቴ ቃሉን ከአፌ አዩት። እናቴም እኔም ለእሳቸው ያልነገርነው፣ እሳቸውም ብለውት የማያውቁት ቃል ነው። እኔ ስለ ራሴ በቀላሉ አልኩት። ቆመው አዩኝ። ከዚያ መለኪያዋን አነሱ፣ ውኃውን መሬት ላይ ደፉት፣ መለኪያዋን ኪሳቸው ከተው በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ወፍጮ ቤቱ አለፉ።

ሊጣሉ ነው ብዬ ተከትዬ ሮጥኩ። ባለወፍጮው ዱቄት ለብሶ ከማሽኑ አጠገብ ቆሟል።

«አጥፋው» አሉት አባቴ።

ባለወፍጮው እጁን ወደ ሰልፉ ዘረጋ። ይህን ሁሉ ሰው አያዩም ወይ ማለቱ ነው።

አባቴ ወደ ሰልፉ ዞሩ። የማይሰማ ሰው ድምፁን መጠን አያውቅም፤ ከወፍጮው በላይ ጮኹ። «እኔ ጆሮዬ ከሄደ ቆይቷል! መኪናዬን የምትሰማልኝ ይህች ልጄ ናት! ወፍጮው ሲጮህ እሷም አትሰማም! ዛሬ ካልሰማች ቤቴ ይዘጋል! እባካችሁ፣ እስክትጨርስ አጥፉልኝ!»

እናቴ አጥሩ ጋ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። ስንት ጊዜ ሙሉ ስትደብቅላቸው የኖረችውን እሳቸው በአህያ ሰልፍ ፊት አፈረጡት። የማውቃቸው ፊቶች ናቸው፤ የሽንዲ ተሳፋሪዎች፣ የበርበሬ ነጋዴዎች፣ እኔን የተራገሙት ሴቶች። አባቴ ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ጆንያዋ ላይ የተቀመጠች አንዲት አሮጊት፣ ትናንት ቤተ ክርስቲያን ያደረስናት፣ ባለወፍጮውን አምባረቀችበት። «አጥፋው እንጅ ምን ትገተራለህ! ድንጋይ!»

አጠፋው። ዱብ ዱቡ ቀስ አለ፣ ተራራቀ፣ ቆመ። በሥራ ቀን ቡሬ እንደዚያ ዝም ብላ ሰምቼ አላውቅም።

ተመልሼ ኮፈኑ ሥር ገባሁ። ሰልፉ በሙሉ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ያየኛል። ማከፋፈያውን ወደ ኋላ፣ ጥቂት። ልቅሶው ተወው። ብሎኗን ጠበቅ፣ ሌላ ጠበቅ፣ ትንሽ መለስ። ሳሉ ጠፋ። አባቴ ሞተሩን አያዩም፣ የእኔን ፊት ነው የሚያዩት። ዓይናቸውን ከፊቴ ላይ አላነሱም። ከዚያ ወፍራም፣ ረጋ ያለ፣ የማይቸኩል ድምፅ ከብረቱ ውስጥ ወጣ። ከመታጠፊያው ማዶ የምሰማው የነበረው፣ እናቴን ወጥ የሚያስሞቀው ያ ድምፅ። ዞር ስል እናቴ አጥሩን ይዛ ታለቅሳለች።

«መጣ» አሉ አባቴ። እኔ ገና ምንም አላልኩም ነበር።

ፍኖተ ሰላም ደርሰን ምርመራውን አለፍን። መርማሪው ሞተሩን አስነስቶ ሲያዳምጥ ቆየና ማን ነው ያስተካከለው አለ። አባቴ አልሰሙትም። እኔም ያን ቀን ከማንም ጋር ስለ ሞተር ማውራት አልፈለግሁም። ጋሪ ሠሪው በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። አባቴ ሲያልፉ በመስኮቱ ብቅ ብለው፣ «ጋሪህን በእንጨት ሥራው!» አሉት።

ስንመለስ አቀበቱ ላይ ሞተሩ ማርሽ ቀይሩልኝ ብሎ ይጮኻል። አባቴ ድሮ በድምፁ ነበር የሚቀይሩት። አሁን ዝም ብለው ይነዳሉ፣ ሞተሩ እየተጨነቀ ነው። አንጀቴ አላስችል አለኝና እጄን ትከሻቸው ላይ አሳረፍኩ፤ ነካ አደረግኋቸው።

«ሰምቻለሁ» አሉ፣ መንገዱን እያዩ። ማርሹን ቀየሩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጎናቸው የምቀመጠው እኔ ሆንኩ። ሽንዲ ስንሄድ፣ ሽንዲ ስንመለስ፣ ከኋላ ሰውና በርበሬ ተጭኖ። ሰዉም ያውቃል፤ ያን ጠዋት አጥሩ ላይ የነበረው ሁሉ ለአገሩ ነግሮታል፣ ግን ወደ አይሱዙው አልሄደም። እንዲያውም ቦታዬን ሌላ ሰው ሲይዝብኝ፣ «ተነስ፣ የልጅቱ ነው» ብለው ያስነሱልኛል። እኔ ትከሻቸውን እነካለሁ። አባቴ «ሰምቻለሁ» ይላሉ። ሁልጊዜ፣ በእያንዳንዱ አቀበት፣ ከነካኋቸው በኋላ። አንዳንዴ ኧረ መቼ ሰሙ ልላቸው አፌ ይበላኛል። ግን የሚቀጥለው አቀበት ይመጣል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ እኔም እጄን አነሳለሁ።